«ሥራሽ ሕጋዊ ስላልሆነ መብት የለሽም» ለተባለችው የቡሬዋ እህቴ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ቡሬ ውስጥ አንድ ቡና ቤት በአስተናጋጅነት ከገባች ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ደመወዟ በወር 2,000 ብር ነው፤ የተፈራረመችው ወረቀት የለም። በሳምንት ሰባቱንም ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ትሠራለች። ከደንበኛ ጋር ወደ ክፍል ስትገባ ቤቱ የአልጋ እያለ ከእሷ ይቀበላል። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ደንበኛ ክፍል ውስጥ ደብድቧት የሰጣትን ብር መልሶ ነጥቋት ሄደ። ፖሊስ ጋ ስትሄድ «ሥራሽ እኮ ነው፣ ምን እናድርግልሽ» ተባለች። የቤቱ ባለቤት ደግሞ «7,400 ብር ዕዳ አለብሽ» ብሎ መታወቂያዋንና ልብሷን ይዞባታል። «ፈረንጅ አገር እንዲህ ያለው ሥራ በውል ሆኗል ሲሉ ሰማሁ፤ እኔስ በአገሬ ሕግ ሠራተኛ ነኝ ወይስ ምንም አይደለሁም?» ስትል ትጠይቃለች። መጨረሻው ላይ አንዲት መስመር ጨምራለች፦ አብራቸው የምትሠራ የ16 ዓመት ልጅ አለች።

እህቴ፣

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ በጥብቅና ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ፍኖተ ሰላም ካሉ ቡና ቤቶች የመጡ ሴቶች ቢሮዬ ገብተው ያወቃሉ። አብዛኞቹ ወንበር ላይ ሳይቀመጡ በፊት የሚሉት አንቺ የጻፍሽውን ነው፦ «ሕግ ለእኛ አይሆንም አሉኝ።» ይህን የሚነግሯቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ላብ የሚጠቀሙ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መልሴን ከዚህ እጀምራለሁ፦ በኢትዮጵያ ሕግ ሠራተኛ ነሽ። ያልሆንሽበትም አንድ ነገር አለ፣ እሱንም አልደብቅሽም። ሁለቱን ለይተሽ ካወቅሽ ግን ማንም አደባልቆ ሊያስፈራራሽ አይችልም።

በመጀመሪያ ወንጀል ሠርተሽ እንደሆነ ልንገርሽ። አልሠራሽም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕጋችን አንዲት ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት በገንዘብ ከወንድ ጋር መተኛቷን ብቻውን ወንጀል ብሎ አልደነገገም። ሕጉ የሚቀጣው በሌላው ሰው ገላ የሚነግደውን ነው። አንቀጽ 634 በሌላ ሰው ሴተኛ አዳሪነት እየተጠቀመ መተዳደሪያው ያደረገን፣ ያገናኘን፣ ለዚሁ ሲል ቤት የያዘን ወይም ያከራየን በእስራትና በመቀጮ ያስቀጣል። እንግዲህ አንቺ ከምትኖሪበት ቤት ውስጥ ይህ አንቀጽ የሚመለከተው ማንን እንደሆነ ራስሽ ፍረጂ። አንቺን ሊነካ የሚችለው በደንብ መተላለፍ (በቀላል ጥፋቶች) ክፍል ያለው አንቀጽ 846 ነው፤ እሱም በአደባባይ ላይ መንገደኛን ለወሲብ ስለ ማባበልና በዚሁ ሥራ ጎረቤትን ስለ መረበሽ ነው የሚያወራው። ቅጣቱ የደንብ መተላለፍ ቅጣት ነው። ኮንዶም ይዞ መገኘት በየትኛውም ሕጋችን ጥፋት አይደለም፤ ይህን ለብቻው የማነሳው ቦርሳ እየተበረበረ «ማስረጃ ተገኘ» የተባሉ ሴቶች ስላጋጠሙኝ ነው። እንዲያው በሌላ ምክንያት ብትያዢ እንኳ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 4 ላይ ሕገወጥ ወይም ከሞራል ውጭ ለሆነ ተግባር የሥራ ውል ሊመሠረት እንደማይችል ይናገራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1716 ጉዳዩ ሕገወጥ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ውል ፈራሽ ነው ይላል። ይህ ማለት ከደንበኛ ጋር ስለ ሾርትም (ለአጭር ጊዜ ስለሚሆነው) ሆነ ስለ አዳር የተነጋገርሽው ዋጋ ቢቀርብሽ «ውሌን ይፈጽምልኝ» ብለሽ ልትከሺው አትችይም። ባለቤቱም «ለአልጋ ሥራ ይህን ያህል እከፍልሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቶልሽ ቢሆን ያንን ቃል በሥራ ክርክር ችሎት ማስፈጸም አይቻልም። እውነቱ ይህ ነው። ጠበቃ ነኝ የሚል ሌላ ቢነግርሽ ገንዘብሽን እንጂ ጉዳይሽን አልፈለገውም።

ታዲያ አንቺ የተቀጠርሽው ለምንድን ነው? ቢራ ልታቀርቢ፣ ሂሳብ ልትቀበይ፣ ጠረጴዛ ልትጠርጊ፣ ብርጭቆ ልታጥቢ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ወንበር ገልብጠሽ ወለሉን ልትወለውይ ነው። ይህ ሥራ ሕገወጥም ከሞራል ውጭም አይደለም። ባህር ዳር ሐይቅ ዳር ባለ ትልቅ ሆቴል የምታስተናግደው ልጅም የምትሠራው ይህንኑ ነው። ክፍል ውስጥ የሆነው ነገር ጠረጴዛ ዙሪያ የሠራሽውን ሥራ አያጠፋውም።

ዓመታት ያለፉት አንድ ክርክር ትዝ ይለኛል። ደንበኛዬ የሰባት ወር ደመወዝ ያልተከፈላት አስተናጋጅ ነበረች። የአሠሪው ጠበቃ ተነሥቶ ሴተኛ አዳሪ መሆኗን ለማስረዳት ምስክር ይሰማልኝ አለ። ችሎቱ ዝም ብሎ ሰማውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፦ በእነዚህ ሰባት ወራት ቤቱ ውስጥ መጠጥ የምታቀርበው ማን ነበረች? ሰውየው መልስ አጣ። ልጅቷ ያን ቀን አልቅሳ ነበር፤ ከገንዘቡ ይበልጥ ያስለቀሳት «መጠጥ የምታቀርበው» ተብላ በሥራዋ መጠራቷ እንደሆነ ከችሎት ስንወጣ ነገረችኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉዳይ ስይዝ አቤቱታውን የምጀምረው ሴቲቱ በሠራችው ሥራ ዝርዝር ነው።

ወረቀት አለመፈራረምሽ አያስፈራሽ። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል። በጽሑፍ ያልተደረገ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ስለ ሥራው የሚገልጽ ፊርማውን ያኖረበት ደብዳቤ መስጠት የነበረበት አሠሪው ነው፤ እሱ ግዴታውን ባለመወጣቱ አንቺ መብትሽን አታጭም። በቃል የተደረገውን ውል በምስክር ማስረዳት ይቻላል፦ አብራሽ የሠራች ልጅ፣ ቢራ የሚያወርደው የመኪና ረዳት፣ ሁልጊዜ እዚያ የሚጠጣ ሰው፣ ማዶ ያለው የሱቅ ባለቤት። ደመወዝሽ አንዴም ቢሆን በቴሌብር ተልኮልሽ ከነበረ መልእክቱን እንዳታጠፊው፤ እኔ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ አሠሪን ዝም የሚያሰኝ እሱ ነው።

ሰዓቱን እናስላው፤ አሁን በሚዛን ላይ የሚቀመጥ ነገር አለን። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። አንቺ በቀን 9 ሰዓት፣ በሳምንት 7 ቀን ትሠሪያለሽ። በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ሊኖርሽ ሲገባ አንድም ቀን አላረፍሽም። ወርሽን በ26 የሥራ ቀን፣ ቀኑን በ8 ሰዓት ብናካፍለው የሰዓት ደመወዝሽ 9 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩልና ሩብ፣ ማለትም በ1.75 ይባዛል፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራው በ2፣ በሕዝብ በዓል የተሠራው በ2.5 ይባዛል። በስድስቱ ቀን የምትጨምሪያት አንድ አንድ ሰዓት በሳምንት 101 ብር ያህል ትሆናለች። በዕረፍት ቀንሽ የሠራሽው 9 ሰዓት ደግሞ 173 ብር ያህል ነው። ድምሩ በሳምንት 274 ብር። በስድስት ወር ስናስበው ከ7,100 ብር ያልፋል፤ ጥምቀትንና ፋሲካን፣ እንቁጣጣሽንና መስቀልን ገና አልቆጠርኩም። ሰውየው «አለብሽ» የሚልሽ 7,400 ብር ነው። እሱ ደብተር ሲይዝ አንቺ አልያዝሽም፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

ስድስት ወር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና መሰል ክፍያዎች መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፋቸው በይርጋ ይታገዳሉ። አንቺ ዓመት ከአራት ወር ሠርተሻል፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ትርፍ ሰዓት ከእጅሽ ወጥቷል ማለት ነው። በየሳምንቱ በዘገየሽ ቁጥር ከኋላ አንድ ሳምንት ይቆረጥብሻል። ይርጋው እንዲቆም ወዲያውኑ ጠበቃ መያዝ አያስፈልግሽም፤ ጉዳዩን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማመልከት ይርጋውን ያቋርጠዋል። በእኛ ክልል ይህ አካል ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ነው፤ ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የሚሉት። ማመልከቻሽን በሁለት ቅጂ ውሰጂ፤ አንዱ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርገሽ ለራስሽ ያዢ። ወደ ፍርድ ቤት ስትሄጂ ደግሞ ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙ ናቸው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ነበረሽ። ብታረግዢ ከመውለድሽ በፊት 30 ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለሽ፤ «ሆድሽ ገፋ፣ ደንበኛ ይሸሻል» ተብሎ መባረር ሕገወጥ ስንብት ነው። ከደመወዝሽ ላይ የጡረታ ተብሎ ሲቆረጥ ከነበረ ሰባት በመቶ ካንቺ፣ አሥራ አንድ በመቶ ከእሱ ገቢ መደረግ ነበረበት፤ ቆርጦ ካላስገባ ሌላ ጥፋት ነው። የሙከራ ጊዜሽ ከ60 የሥራ ቀን በላይ ሊሆን ስለማይችል አንቺ ከዚያ ካለፍሽ ቆይተሻል፣ ያለ በቂ ምክንያት «ውጪ» ሊልሽ አይችልም።

ዕዳው ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ። ጎጃም ውስጥ ባየኋቸው ቡና ቤቶች ሁሉ ሴቶቹን የሚያስራቸው ሰንሰለት ይህ ነው።

አካሄዱ ይታወቃል። ልጅቷ ከገጠር ትወጣለች፤ አንዳንዷ ያለ ዕድሜዋ ተድራ የፈታች፣ አንዳንዷ ስምንተኛ ክፍል የወደቀች። መናኸሪያ ላይ ደላላ ይቀበላታል። የመኪና ከፈልኩልሽ ይላታል። ቤቱ ስትደርስ ልብስ፣ ጫማ፣ የፀጉር ይገዛላታል፤ ሁሉም ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ እሷ ዋጋውን አታየውም። ከዚያ የአልጋ በየቀኑ ይታሰባል። ሁዳዴ ሲገባ ከተማው ይጾማል፣ ጠጪ ይጠፋል፣ ሾፌሩ እንኳ ሳያድር ያልፋል፤ የአልጋው ሂሳብ ግን በሃምሳ አምስቱም ቀን ይቆጠራል። ፋሲካ ሲደርስ ልጅቷ ከገባችበት ቀን ይበልጥ ተበድራ ትገኛለች። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ደንበኛ ሳይከፍል ወጣ፣ ሁሉም በእሷ ስም ይጻፋል።

ሕጉ እዚህ ላይ ምን ይላል? አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቅድለት ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ከወር ደመወዝ ሲሶ ሊያልፍ አይችልም። አንቺ ምንም አልፈረምሽም። ስለዚህ ለብርጭቆና ለሂሳብ ጉድለት የተቆረጠብሽ ያለ ሥልጣን ተወስዷል፤ የስድስት ወሩን መልሰሽ ልትጠይቂ ትችያለሽ።

ለአልጋ የተጻፈብሽን ደግሞ እንየው። ቅድም አንቺን የከለከለሽ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1716 እሱንም ይከለክለዋል። ሰውየው ነገ ተነሥቶ «ለወሲብ ንግድ ያከራየኋትን የአልጋ ዋጋ ትክፈለኝ» ብሎ ክስ ሊያቀርብ ቢሞክር፣ ጥያቄው የቆመበት ውል ፈራሽ ነው፤ ከዚያም አልፎ በገዛ እጁ የአንቀጽ 634ን ጥፋት በጽሑፍ አምኖ ማቅረቡ ነው። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ «ዕዳ» ይዞ ፍርድ ቤት የመጣ ባለቤት በዘመኔ አይቼ የማላውቀው። ዕዳው የሚሠራው አንቺ እስካመንሽው ድረስ ነው። ልብስና ጫማ በእርግጥ ገዝቶልሽ ከሆነ ያ ተራ ብድር ነው፤ ደረሰኝ አቅርቦ ይጠይቅሽ፤ አንቺም ከትርፍ ሰዓትሽ ጋር አቻችይው።

መታወቂያና ልብስ መያዝማ የሚያከራክር አይደለም። መታወቂያ የመያዣ ዕቃ አይሆንም። ለዕዳ ተብሎ ሰው ከቤት እንዳይወጣ ማድረግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 585 ሕገወጥ ይዞ ማቆየት ነው፤ ሰውን በዕዳ አስሮ በወሲብ ሥራ መበዝበዝ ደግሞ በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ውስጥ ይገባል። በሰው መነገድ ሲባል ሰው ሁሉ መተማንና ሱዳንን፣ ቤሩትንና ጅዳን ያስባል። አዋጁ ግን ድንበር ማቋረጥን አይጠይቅም። ከአንድ የገጠር ቀበሌ ቡሬ መናኸሪያ ድረስ በማታለል የመጣች ልጅም ተነግዶባታል። «ወዳ ነው የመጣችው» የሚለው መከላከያም በማታለል ወይም በማስገደድ ለተገኘ ፈቃድ አይሠራም።

አሁን ስለ ደበደበሽ ሰው። ጽሑፍሽ ውስጥ ስለ ሌሊቱ ብዙ አላልሽም፣ እኔም እንድትነግሪኝ አልጠይቅሽም። ሕጉን ብቻ ላስቀምጥልሽ፣ የሆነውን ራስሽ ታውቂዋለሽ። አስገድዶ መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጹ ሴቲቱ በምን እንደምትተዳደር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በኃይል ወይም በከባድ ማስፈራራት ተገድዳ እንደሆነ ነው። ለአንዱ ነገር የተስማማች ሴት ለሌላው «እምቢ» ካለች እምቢታዋ እምቢታ ነው። ክፍሉ ከገባች በኋላ ሐሳቧን ብትለውጥም እንዲሁ። የሰጠሽን ብር ደብድቦ መልሶ መውሰዱ በአንቀጽ 670 ውንብድና ነው፤ ብሩ እጅሽ ከገባ በኋላ በጉልበት ሊነጥቅሽ የሚችል ማንም የለም። ቁስሉ ራሱ ደግሞ የአካል ጉዳት ማድረስ ነው። «ሥራሽ እኮ ነው» ላለሽ ፖሊስ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ መደብደብ የማንም ሥራ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ አቤቱታ ሲደርሰው ቢጠራጠር እንኳ ምርመራ እንዲጀምር ያዛል። አቤቱታሽን መምረጥ የእሱ ሥልጣን አይደለም።

ስለዚህ እንደገና ሂጂ፤ ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። አስቀድመሽ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ገብተሽ ታይተሽ የሕክምና ማስረጃ አስጽፊ፤ ሦስት ሳምንት ቢያልፍም ጠባሳና ያልሻረ አጥንት ይናገራል። ኤች አይ ቪ አሁን ተመርመሪ፣ ከሦስት ወር በኋላ ድገሚው። ይህን ለምታነቡ ሌሎች እህቶቼም ልናገር፦ ከጥቃት በኋላ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውም እስከ አምስት ቀን ድረስ እንጂ ከዚያ በኋላ አይሆንም። ልብሳችሁን ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት ያዙት፤ ፌስታል ማስረጃውን ያበላሸዋል። ከፖሊስ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይቻላል፤ ከተደፈረች ሴት ሆስፒታል አስቀድሞ የፖሊስ ወረቀት አምጪ ሲል ሕክምናዋን እያዘገየ ነው። በመደፈር የተፀነሰ ከሆነም የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 551 ፅንሱን ማቋረጥ ይፈቅዳል፣ በአንቀጽ 552 ደግሞ የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ ነው ይላል። የፍርድ ውሳኔ እንድትጠብቅ አትገደድም።

ሰውየውን አላውቀውም ብለሻል። ቤቱ ውስጥ አልጋ ሲያዝ የእንግዳ መዝገብ ይሞላል አይደል? መታወቂያ ቁጥር፣ አንዳንዴ የመኪና ታርጋ ይጻፋል። የጭነት መኪና ሾፌር ከሆነ ደግሞ ቡሬ የነቀምቴውም የባህር ዳሩም መንገድ መገናኛ ናትና ደግሞ ማለፉ አይቀርም። ለመርማሪው መዝገቡ እንዲያዝ በጽሑፍ ጠይቂ፤ መዝገቡ የጠፋ እንደሆነ ለምን እንደጠፋ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። ጣቢያው አሁንም አልቀበልም ካለሽ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዘውን መርማሪ ጠይቂ፤ እዚያም ካልሆነ ወደ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ፣ ከዚያም ወደ ዞኑ መምሪያ ፍኖተ ሰላም ሂጂ። ባህር ዳር ያለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢሮም አቤቱታ ይቀበላል። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ የደብረ ማርቆስና የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሴቶችን በነፃ ሲያግዝ የኖረ ነው። እነሱ ዘንድ ስትሄጂ የማታፍሪበትን ብቻ መርጠሽ አትንገሪ፤ የደበቅሽውን ነገር ተከሳሹ ችሎት ላይ አውጥቶ ሲናገረው ነው ጠበቃሽ የሚሸነፈው።

ባለቤቱ ወይም ካፒቴኑ (የአስተናጋጆቹ አለቃ) «ከዚህ ደንበኛ ጋር ካልወጣሽ ነገ እንዳትመጪ» ብሎሽ ያውቃል? ቃል በቃል ባትጽፊውም ከጽሑፍሽ የገባኝ እንደዚያ ነው። የሠራተኛ አዋጁ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል፤ ትንኮሳ ማለት በቃልም በምልክትም ሰውን ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እንዲገዛ መገፋፋት ነው። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን አለቃው ለራሱ ሲፈልግ ብቻ አድርገው ያነቡታል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ሠራተኛዋን በእንጀራዋ እያስፈራራ ለሌላ ወንድ የሚገፋት አለቃም ትንኮሳ ፈጽሟል፤ እንዲያውም የእሱ ይብሳል፣ ገንዘብ ያገኝበታልና። እንዲህ ሲሆን አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራሽን ለቀሽ የስንብት ክፍያና ካሳ እንድትጠይቂ መብት ይሰጥሻል። ነገር ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀምሽበት መብቱ ይወድቃል፤ የምትለቂበትንም ምክንያት በጽሑፍ አሳውቂ። ዝም ብሎ ሻንጣ ይዞ መጥፋት በኋላ «ጥላ ሄደች» ያስብላል።

ፈረንጅ አገር ሆኗል የተባልሽውም እውነት ነው። ቤልጅየም በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራውን ከወንጀል ሕግ አውጥታ፣ ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በፈቃደኝነት ለሚሠሩ አዋቂዎች የሥራ ውል ፈቅዳለች፤ የወሊድ ፈቃድ፣ የሕመም ክፍያ፣ ጡረታ፣ ደንበኛን እምቢ የማለት መብት፣ ክፍል ውስጥ የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ሁሉ አለበት። ኒውዚላንድ ከዚያ በፊት በ2003 እ.ኤ.አ. ሕጓን ቀይራ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. አንዲት ሴት የምትሠራበትን ቤት አለቃ በወሲባዊ ትንኮሳ ከስሳ 25,000 የኒውዚላንድ ዶላር ተፈርዶላታል። ስዊድን ደግሞ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጯን ትታ ገዢውን ትቀጣለች። እኛ ዘንድ ማኅበረሰባችንም ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ስለዚህ ሥራ ያላቸው አቋም ይታወቃል፣ እኔም በቅርብ ጊዜ የቤልጅየም ዓይነት ሕግ ይወጣል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። ነገር ግን ሕግ አውጪው የሥራውን ሞራል ሳይነካ ሊያስተካክለው የሚችል አንድ ነገር አለ፦ የሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 4 ላይ «ይህ ክልከላ አሠሪውን ከደመወዝ፣ ከሰዓት፣ ከደኅንነትና ከካሳ ግዴታ አያድነውም» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር መጨመር። ዛሬ ከሞራል ውጭ ነው በሚባለው ውል የተጠቀመው ባለቤቱ ሆኖ ሳለ በአንቀጹ የሚከለልበት እሱ ነው። ይህን ስብሰባ ባገኘሁ ቁጥር እናገራለሁ፣ ወደፊትም አልተውም።

እስከዚያው ግን ደብተር ግዢ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት፣ ያዘዘሽን ሰው፣ የተቆረጠብሽን ብር ጻፊ። ደብተሩን ቤቱ ውስጥ አታሳድሪው፤ ከቤቱ ውጭ ከምታምኛት ሰው ዘንድ ይቀመጥ። እቁብ የምትጥሉ ሴቶች ካላችሁ ይህን አብራችሁ አድርጉት፤ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ቤት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም እንኳ ይቻላል። አንዷ ስትከስ ሌላዋ የምትመሰክረው ቀድመው ሲነጋገሩ ነው።

የ16 ዓመቷን ልጅ ነገር ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ካነሳሁት ሁሉ ይበልጥ አስቸኳይ ስለሆነና አንብበሽ ስትጨርሺ ቀድመሽ እንድትነሺበት ነው። የእሷ ጉዳይ የሥራ መብት ክርክር አይደለም። ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ላይ የሚደረገው ነገር ወዳም ተገድዳም በሕግ ፊት ወንጀል ነው፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ካለች ልጅ ጋር የተኛ አዋቂ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ ተገድዳ ከሆነ ቅጣቱ በአንቀጽ 620 ይከብዳል። ያመጣት ደላላና ያስቀመጣት ባለቤት በሰው የመነገድ ወንጀል ይጠየቃሉ፤ ልጅ በሆነች ጊዜ መታለሏን ወይም መገደዷን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። በአስተናጋጅነት ብቻ ብትሠራ እንኳ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማሠራት ክልክል ነው። አንቺ የራስሽን ክስ ለማቅረብ ሳምንት ብትወስጂ እረዳሻለሁ። ለእሷ ግን ይህን እንዳነበብሽ ወደ ወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ስምሽን ሳትናገሪ የቤቱን አድራሻና የልጅቷን ዕድሜ ብቻ ተናግረሽ መውጣት ትችያለሽ። ከፈራሽ ለእኔ ጻፊልኝ፣ እኔ እደውላለሁ።